ከጎተራ እግር ሸክላ የለቀሙት የአቶ ፈለቀ ወልደሰማያት የሕይወት ታሪክ

አቶ ፈለቀ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰማያት ደምሰውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመለወርቅ በ1928 ዓ.ም. በጎፋ ቡልቂ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. ዕቃቸውን በበቅሎ ጭነው ጂንካ ገቡና ሱቅ ከፈቱ። በ1958 ዓ.ም. ወይዘሮ ጤናዬ ዘሩን አግብተው ሣራንና ተገኝን ወለዱ።

ታላላቆቻችን መቼም አትረሱትም፤ በ1966 ጂንካ ላይ ዘፈን ማለት የፈለቀ ሱቅ ነበር። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራዋን ማጫወቻ ደጃፍ አውጥተው ሸክላ ሲያስቀምጡባት፣ ገበያተኛው ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

ካሴት ሲመጣ ሸክላ ረከሰ። በ1971 ዓ.ም. አሮጌዎቹን ሰብስበው ለአሪ ገበሬዎች ሰጡ። ገበሬው መሐሉን ሰፋ አድርጎ የጎተራ እግር ላይ ያጠልቀዋል፤ አይጥ እዚያ ስትደርስ ማለፊያ ታጣለች። ዘዴውስ ጥሩ ነበር፤ ኋላ ግን አንገበገባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩብርሃን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው ዘፈን እንዳስቀረጹ ሲናገሩ የሚያምናቸው አልነበረም። «እትዬ፣ ዛሬስ ስንተኛውን ሸክላ አወጡ?» እያለ መንደሩ ያሾፍባቸዋል። በ1974 ዓ.ም. አንድ ቀን አቶ ፈለቀ «ወፊት» ከሚባሉት ርካሽ ሸክላዎች አንዱን ሲያጫውቱ፣ እትዬ «ይቺ እኮ እኔ ነኝ!» ብለው አለቀሱ። ሽፋኑ ላይ የማንም ስም የለም። «ወፊት» የተባለው አሳታሚ የቆየ ዘፈን በአዲስ ሽፋን ሲያወጣ ስም አይጽፍም ነበር።

አቶ ፈለቀ ከዚያን ቀን ጀምሮ የርካሽ ሸክላዎችን ታሪክ ማጥናት ያዙ። አንዴ በአውሮፕላን፣ አንዴ በጭነት መኪና ደብዳቤ እየላኩ፣ የትኛው ዘፈን መጀመሪያ በማን እንደወጣ በደብተር መዘገቡ። ሸክላው ከመሐል ወረቀቱ አጠገብ የተጫረ ቁጥር እንዳለውና ሁለት ሸክላ አንድ ቁጥር ከያዘ ዘፈኑ አንድ መሆኑን ደረሱበት። የቀረው ስም ያለበትን የመጀመሪያውን ሸክላ ማግኘት ነበር። ከአዲስ አበባው ሸክላ ቤት የመጣው መልስ ግን፣ «የመጨረሻዎቹን ወደ ጂንካ ለእርስዎ ልከናል» የሚል ሆነ!

አራት ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ተሸክመው ከጎተራ ጎተራ ዞሩ፤ ቆርቆሮ ሰጥተው ሸክላ ይቀበላሉ። ከገበሬዎቹ አንዱ አቶ ዶላሞ «አንተው ሰጠኸኝ፣ አንተው ትነቅላለህ፤ አይጦቹ ናቸው እንዴ የላኩህ?» ሲሏቸው ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። በ1979 ዓ.ም. የተፈለገው እዚያው በአቶ ዶላሞ ጎተራ እግር ላይ ተገኘ። ወረቀቱ ተቀዶ «ጥሩብር» የሚለው ብቻ ቀርቷል፤ ቁጥሩ ግን ያው ራሱ ነው። በገበያው ቀን ማጫወቻዋ ደጃፍ ወጣች፤ የጎተራው ሸክላ መሐሉ ሰፍቷልና፣ የእትዬ ስም ተጠርቶ ዘፈናቸው ከ«ወፊት» ሸክላ ተሰማ። ያሾፉባቸው ሁሉ እየመጡ ጉልበታቸውን ሳሙ።

አቶ ፈለቀ በጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 1983 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው አሉ። በደብተራቸው ውስጥ ስማቸው ያልተገኘ አሥራ ዘጠኝ ድምፃውያን ቀርተዋል፤ ጎተራችሁ ላይ ሸክላ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ወይዘሮ ጤናዬ ቆርቆሮ አዘጋጅተው ይጠብቋችኋል።

ለሰው ስም የደከሙትን የወንድማችንን ስም እግዚአብሔር በሕይወት መዝገብ ያስፍርልን። አሜን።