በወስፌ የተበሳው ካርቶን

የካቲት 21 ቀን 1995፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሙቀት። ነፋስ የለም፤ አቧራው እንኳ ለመነሳት ሰንፏል። ግቢ ውስጥ ያለነው፦ እኔ፣ ባሌ ቃሲም (ከመስጊድ ተመልሶ ጥላ ስር ተጋድሟል)፣ የአሥር አለቃው ሚስት ጎረቤቴ ወርቄ፣ አጥሩን ተደግፋ።

ዶቅዶቄውን በጎኑ አስተኛሁት። የካምቢዮ ዘይት ሳፋ ውስጥ አወረድኩ። ከሞላሁት ግማሹም የለም። መሬት ላይ አልፈሰሰም። በማርሚታው ነጭ ጭስ ሆኖ ወጥቷል። ካንዴላው እርጥብ፣ ጥቁር። ዘንጉ ላይ ዘይት የሚያግደው ጎማ አበቃለት ማለት ነው። ሐምሌ ላይ በገዛ እጄ ቀይሬው! የኔ ጎማ ቢያንስ ዓመት ይቆያል።

ወርቄ ዝም አትልም። ጣውንትሽ ዘንድ የሚሄድበትን ነው ተንበርክከሽ የምታክሚው? እኔ ብሆን ቤንዚኑ ውስጥ ስኳር ነበር የምጨምርለት፣ አለች። ቃ. ሰምቶ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ አልተቆጣሁምም። ካገባት ሦስት ዓመት ሆነው። ደሃቦ ዋጪሌ ናት፤ ቃ. ከብት የሚያሻሽጥበት ገበያ አጠገብ። ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት እዚህ። ባል መካፈል ይለመዳል ደብተሬ። ሰውየውን ተካፈልን። ሞተሩን ግን አልተካፈልንም። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ከገዛነው ጀምሮ ከኔ በቀር የከፈተው የለም።

አዲሱ ጎማ ከነመጠባበቂያው ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ሹፌር መጥቶልኛል። ነገ እጀምራለሁ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

የፍሪሲዮኑን ክዳን ከፈትኩ። እጄ ቆመ።

በክዳኑና በሞተሩ መሃል የሚገባው ካርቶን የኔ አይደለም። እኔ የምቆርጠው ከዱቄት ወተት ካርቶን ነው፤ ቀዳዳውን በምስማር እቀጠቅጠዋለሁ፣ ዳሩ ይቦጫጨቃል። ይሄ የሻይ ቅጠል ካርቶን ነው። የግመሏ ሥዕል ግማሹ ይታያል። ቀዳዳዎቹ ክብ፣ ንጹህ፣ ልክ በልክ። በወስፌ የተበሳ። ወስፌ ይዞ ሞተር የሚከፍት ወንድ እኔ አላየሁም።

ደሃቦ በወስፌ የወተት ዕቃ ትሰፋለች። ቃ. ከዚያ በተመለሰ ቁጥር አንድ ይዞ ይመጣል፣ ለሃዳ ጀማል ብላ ላከች ይላል፤ ለጀማል እናት፣ ለኔ ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ አራት ተደርድረዋል። ወተት አድርጌባቸው አላውቅም።

ጎማውን በካቻቪቴ ፈልቅቄ አወጣሁ። አብጦ ልፍስፍስ ብሏል። አሸተትኩት። ቅቤ! ግሪስ በሚቀባበት ቦታ ቅቤ። ያውም የታጠነ ዕቃ ውስጥ የከረመ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ብቻዬን ሳቅሁ። የቦረና ሴት ሞተርን እንደ ሕፃን ቅቤ ቀባችው! ጎማውን ያበላሸው ይኸው ነው።

ከዚያ ጎማውን ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። እጇ እዚህ ውስጥ ነበር።

ያው ቀን፣ 9 ሰ.

ቃ.ን ጠየቅሁት። ዋጪሌ ያለ የጋራዥ ሰው ነው አለ። ዋጪሌ ጋራዥ የለም አልኩት። “ሃዳ ጀማል፣ ብሎን እኮ ነው፤ ምን ያስቆጣሻል?” አለ። ከዚያ እውነቱ ወጣ፦ ኅዳር ላይ ድንጋይ ክዳኑን መትቶት ዘይት ፈሰሰ። እሱና ደሃቦ ክዳኑን ቀጥቅጠው አቀኑ፤ ከተከፈተ አይቀር ብለው እኔ ለመንገድ ብዬ በላስቲክ የቋጠርኩለትን መጠባበቂያ ጎማ ገጠሙት። እንዴት አወቃችሁበት አልኩ። አንቺ ስትሠሪ አይ የለ አለ። ወደ ሌላ ቦታ እያየ ነው ያለው። ሃያ ዓመት ሲዋሽ አውቀዋለሁ። ውሸቱን ወይ አጥሩ ላይ ወይ ፍየሏ ላይ ነው የሚያየው።

የካቲት 24፣ ሰኞ፣ ደመና ብቻ፣ ዝናብ የለም

የቆርቆሮ ሣጥኔን አወረድኩ። ደብተሬ፣ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። አባቴ ሱቅ ነበረው። ከጦር ሰፈሩ ጋራዥ አሮጌ መጻሕፍት በኪሎ እየገዛ ስኳር ይጠቀልልባቸው ነበር። ትምህርት ቤት አልላከኝም። ፊደሉን ወንድሞቼ ሲቆጥሩ ከጓዳ ሰማሁ፤ ንባቡን ከስኳር ወረቀት ላይ ለቀምኩ። በኋላ ሥዕሎቹን መደበቅ ጀመርኩ። ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ የሚታይ ሞተር፣ ዘንግ፣ ቀስቶች። አንዲት ገጽ ነበረችኝ፤ ጎማው በየት በኩል እንደሚገባ የምታሳይ። የሻይ ብርጭቆ ቀለበት ያረፈባት። ባለፈው ረመዳን ጠፋች። አይጥ ነው ብዬ መርዝ አኑሬ የወርቄን ድመት ገደልኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አይጥ አልነበረም። ሣጥኑን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ቃ. ፍየሏን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ፣ ለደሃቦ ወስጄላት ነው፣ መንገድ ላይ ቢያስቸግር ብዬ፣ አለ።

ማንበብ ትችላለች ወይ አልኩት።

አትችልም።

ታዲያ?

“ሥዕሉን አየችዋ!”

ሥዕሉን አየች። እኔ ያንን ሥዕል ለመረዳት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። በልብሷ አልቀናሁም፣ በዕድሜዋ አልቀናሁም። ሲያገባት ሠርጉ ላይ እልል ብያለሁ። ዛሬ ግን ደረቴ ውስጥ ፍም አለ። ሌላ ሴት መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ወረቀቴን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ “ሃዳ ጀማል እንዲህ ነው የምታደርገው” ሲል ይታየኛል። ከሱ ጋር የሆነችውን ሌላውን ሁሉ አስቤ አውቃለሁ። ይሄንን አላሰብኩም ነበር።

ራት አልሠራሁም። ራሴን አመመኝ አልኩ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ዘንጉን በቤንዚን አጠብኩ። የሷን ጎማ ሳወጣ አንድ ነገር አይቼ ነበር፤ እስከ ታች አልገባም። የጥፍር ውፍረት ያህል ቀርቶታል። ጉልበት አነሳት፣ የወተት ዕቃ የለመደ እጅ፣ ብዬ ንቄ ነበር።

ዛሬ ጥፍሬን በዘንጉ ላይ ሳንሸራትት ያዘኝ። ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ። የኔ ጎማዎች በየዓመቱ እዚያው ቦታ እያረፉ ብረቱን በልተውታል። እኔ ሁልጊዜ እስከ ታች እገፋለሁ፣ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ስለሆነ። ስለዚህ የአዲሱ ጎማ ከንፈር፣ ዘንጉን የሚያቅፈው ስሱ ዳር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል፣ ስለዚህ በዓመቱ ያፈሳል። እሷ ጉድጓዱን አይታ ከፍ አድርጋ ደህናው ብረት ላይ አስቀመጠችው። ቅቤ ባትቀባው ኖሮ ስንት ዓመት ይቆይ እንደነበር አላህ ይወቅ።

ስምንት ዓመት እዚህ ዘንግ ላይ አጎንብሻለሁ። አላየሁትም። እሷ በአንድ ቀን።

ወርቄ ከአጥሩ ማዶ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ ጋኔን አየሽ እንዴ፣ አለች። ዘይት ነው አልኳት።

የካቲት 28፣ ዓርብ፣ 8 ሰ.

ቃ. መስጊድ። ነገ ይሄዳል። ግቢው ጭር ብሏል።

አዲሱን ጎማ ገጠምኩ። ከንፈሩን ወደማይሆነው ጎን አዙሬ። እያወቅሁ። ዘይቱ ቀስ ብሎ ያልቃል። የዳዋን ወንዝ ሳይሻገር አይቆምም፤ ከተሻገረ በኋላ ግን ይቆማል። ክዳኑን ስመልስ የሷን ካርቶን መልሼ ከተትኩ፣ የግመሏን ሥዕል ከነግማሽ ፊቷ። ሲቆም ቃ. የሷ ሥራ ነው እንዲል።

ጻፍኩት። አሁን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.

ቃ. ተመለሰ። ከዋጪሌ የመጡ ሹፌሮችን አግኝቷል። ከዳዋ ወዲያ ያሉት ኩሬዎች ደርቀዋል ይላሉ። አንድ ጄሪካን ውሃ ይበቃኛል አለ። ሁለት ያዝ አልኩት። አየኝ። ሁለት ያዝ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰ. ተኩል

ቆሜ ነው የምጽፈው፣ በእርሳስ፣ ዕቃ እየተጫነ።

ስነቃ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን አይደለም። እውነቱን ልጻፍ። ያሰብኩት እሷን ነው። ሞተሩ መንገድ ላይ ይቆማል፣ የከብት መኪና ጭኖ ደሃቦ ደጅ ያወርደዋል። ወስፌዋን አስቀምጣ ክዳኑን ትከፍታለች። ጎማው ተገልብጦ ታየዋለች። ሃዳ ጀማል ከንፈሩ በየት እንደሆነ አታውቅም ትላለች። ትስቃለች፣ እኔ በቅቤዋ እንደሳቅሁ። እሱ ውሃ ጥም ቢይዘው ኖሮ... ያንን በኋላ አሰብኩ። በኋላ ነው ያሰብኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ያደረግሁት ይኸው ነው። ሰግጄ ወጣሁ። ዘይቱን አወረድኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ቃ. ምን ሆነሻል፣ ትናንት ጨረስኩ አላልሽም እንዴ፣ ፀሐይ ሊወጣብኝ ነው፣ አለ። ጎማውን ፈልቅቄ ጣልኩ፤ የመጠባበቂያውን ጎማ ከንፈር በግሪስ ቀባሁ፣ ወደ ትክክለኛው ጎን አዞርኩ፣ በቧንቧ ቁራጭ ዙሪያውን እኩል እየመታሁ አስገባሁ። የጥፍር ውፍረት ሲቀረው አቆምኩ። ከሷ እንደተማርኩት። የሷን ካርቶን ኪሴ ከተትኩ። ወርቄን ቀስቅሼ ወስፌ ተዋስኩ። ከወተት ካርቶን አዲስ ቆረጥኩ፣ አሥሩንም ቀዳዳ በወስፌ በሳሁ። ከሷ የበለጠ ንጹህ ነው። ሁለቱን አስተያይቻለሁ። የበለጠ ንጹህ ነው።

ዘይት ሞላሁ። ቤንዚኑን ቀላቀልኩ። ረገጥኩ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ተነሳ። እየሞቀ ሲሄድ ነጩ ጭስ ጠፋ፤ ስስ ሰማያዊ ብቻ ቀረ፣ ጤነኛው።

ቃ. እጁን ለመሪው ዘረጋ። አልለቀቅሁለትም። ከኋላ ውጣ አልኩት። ሁልጊዜ ሠርቼ ስጨርስ እስከ ጦር ሰፈሩ በር ነድቼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ አልፌ አላውቅም። ወዴት አለ። ዋጪሌ አልኩ። ወረቀቴን ላመጣ። ፍየሏን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ከዚያ ጄሪካኖቹን ማሰር ጀመረ። ከመደርደሪያው አንዱን የወተት ዕቃ አውርጄ ውሃ ሞላሁበት። አያፈስም።

ወርቄ አጥሩ ላይ ናት፣ ነጠላዋን እንኳ አልለበሰችም። ልትደባደቢ ነው እንዴ ብላ እየጮኸች ነው። ምን ልበላት? አላውቅም። ካቻቪቴና አንድ ቆርቆሮ ግሪስ ይዣለሁ። የድመቷንም ነገር ልነግራት አስቤ ነበር፣ ግን ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ቤንዚን ያልቃል። ስመለስ።