ከስንሻው የወሰድኩት ቦታ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 3፡20

ሰርቨሩ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። repquota -a ብዬ ጻፍኩ፤ የሠራተኛው ስም ከነያዘው ቦታ ጥቁሩ መስኮት ላይ ተደረደረ። ሁሉም ከተመደበለት ገደብ በታች ነው። ታዲያ ማን ሞላው? ኃላፊያችን። የልጃቸው ሠርግ ቪዲዮ፣ 70 ጊጋ! ለሳቸው ገደብ አላበጀሁም፤ ለአለቃ ገደብ ማውጣት ድፍረት መስሎኝ። ዛሬ ደግሞ የመልሱን ቪዲዮ የሚጨምሩበት ቦታ ጠየቁ። እሺ አልኩ። እኔ መቼ እንቢ ብዬ አውቃለሁ።

ከሰ. 9፡00

ከስንሻው ቀነስኩ። አንድ መስመር ትእዛዝ፣ setquota፣ አለቀ። 60 ጊጋ የነበረው ገደቡ 35 ሆነ። የያዘው 38 ነው። ስለዚህ የ7 ቀን እፎይታ አለው፤ እስከዚያ ካላጎደለ ሰርቨሩ አንድም ፋይል አይቀበለውም።

ስንሻው የመ/ቤታችን የቋንቋ ባለሙያ ነው። ገጠር ለገጠር እየዞረ ሽማግሌዎች በአውኚ፣ በአገዎቹ ቋንቋ፣ የሚያወሩትን ይቀርጻል። ድምፅ ብቻ አይደል፣ ይበቃዋል አልኩ ለራሴ። ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ይሄድለታል፤ በእንግሊዝኛ፣ ከፍቶት በማያውቀው ኢሜይል። ቢሮው ከኔ ሁለት በር ነው። ብነግረው ለምን ይለኛል። አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ከስሙ ጎን የመደመር ምልክት ወጥቷል፤ ገደብ አልፏል ማለት ነው። እፎይታ፦ 4 ቀን። ስንሻው አዘና ነው፣ ቀረጻ ላይ። ልደውልለት አሰብኩ። ኔትወርክ አይኖርም ብዬ ተውኩት። ሳልሞክር!

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ጉድ ሆንኩ ደብተሬ።

እፎይታው ትናንት 9 ሰዓት ላይ አለቀ። ስንሻው ከአዘና የደረሰው 11 ሰዓት ላይ። ቅጂውን ሰርቨር ላይ ሲጭን የእንግሊዝኛ መልእክት መጣበት፤ እንደ ልማዱ እሺ የሚለውን ተጭኖ አለፈ። መቅረጫው ዛሬ ለስብሰባ ይፈለግ ስለነበር አጽድቶ አስረከበ። ዛሬ ቢከፍተው የፋይሉ ስም አለ፤ ውስጡ ባዶ። መቅረጫው ላይ ደግሞ የሦስት ሰዓት ስብሰባ ተቀድቶበታል።

የጠፋው አያ ፈንታ የተናገሩት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቀርከሃ ሲሠሩ የኖሩ የአዘና ሽማግሌ ናቸው። የሥራውን ነገር ሁሉ፣ ከነስሙ ከነወጉ፣ በአውኚ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመዋል። ሰኞ ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፤ ድምፃቸው ላይመለስ ይችላል ተብሏል። ስንሻው የተጣደፈው ለዚህ ነበር።

ይቅርታ የጠየቀው ማን ይመስልሃል? እሱ! "አንድ ነገር ነክቼ ይሆናል እህቴ፣ ሥራ አበዛሁብሽ፤ እስቲ ፈልጊልኝ" አለኝ። ፈለግሁ። አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። እንደሌለ እያወቅሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ሰኞ ሳይደርስ ተመልሰህ ቅረጻቸው አልኩት። አይሆንም አለ። እየታመሙ፣ ውኃ እየተጎነጩ ግማሽ ቀን ያወሩለትን ሰው በምን ዓይኑ አይቶ አጠፋሁት ይበላቸው? በኔ ጥፋት እሱ አፈረ። እኔም አይዞህ አልኩት። አይዞህ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ቪዲዮው ከሰርቨሩ ይውጣልኝ፤ ለእርስዎም እንደ ሠራተኛው ሁሉ ገደብ ላወጣ ነው አልኳቸው። ሳቁ። መሳቢያቸውን ከፍተው ሃርድ ዲስክ አወጡ፤ አዲስ፣ ከነካርቶኑ። መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት አሉ። በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለስንሻው 60ውን መለስኩለት። ከዚያ ቢሮው ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ከሠራተኛው ሁሉ ለምን የኔን ቀነስሽ አለ። ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ስለማትቆጣ ነው አልኩት።

አሁንም አልተቆጣም። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወጣ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ጠዋት 1፡40

እንጅባራ መናኸሪያ። የአዘና ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ እስኪሞላ። መቅረጫውን ይዣለሁ፣ ሁለት ትርፍ ካርድም። ስንሻውን አብረን እንሂድ አላልኩትም፤ ምን አፍ አለኝ። የአያ ፈንታን ቤት የት እንደሆነ ብቻ ጠየቅሁት፤ በአጭሩ ነገረኝ።

እንደገና ይናገሩልኝ ብዬ አላስጨንቃቸውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ስንሻው አይደለም እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የሳቸው ፈቃድ ነው።

ግን ገና ሰላም ስላቸው የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል። የአገሩ ወግ ነው። የአባቴን ስም እጠራለሁ። ጥፋቴን የምናገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ነውሩ ለአባቴም ይተርፋል።

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። አልወርድም።