በጉም ውስጥ የቆመው ጉቶ

ባሕር ዳር፣ ጥር 3 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? መነኩሴ ስለ ጤናው ይጠየቅ አይጠየቅ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ እኔ ግን እጠይቃለሁ። ያ ቀኝ ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? ሳሉስ ተወዎት? እኔ ደኅና ነኝ። ፋሲሎ ያለው ቤታችንም ደኅና ነው። እማዬ የተከለችው ዘይቱን ዘንድሮ አፍርቶ የጎረቤት ልጆች በሱ ሰበብ አጥሩን ጨረሱት።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልዎት የቆየሁት ቦታው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ተቀይሜ ነው። ሲሄዱ በራችን ላይ ቆመው ያሉኝን አልረሳሁትም። «ፍትሐት ይፈታልኛል። ከዚያ ወዲያ ሞተ ብለሽ ቁጠሪኝ፤ የሞተ ሰው ወደ ኋላ አያይም» አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። በመነኮሱበት ቀን፣ በቁምዎ የሙት ጸሎት ሲደረስልዎት፣ እኔ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ የሙሽራ ብጉር እያጠፋሁ ነበር። አርባዎንም በልቤ ቆጠርሁ። እማዬ ከሞተች ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ያውም ሴት የማትረግጠው ደሴት መረጡ። ልምጣ ብልስ በየት በኩል? ልወቅስዎት ብዬ አይደለም የጻፍሁት፤ ግን ይህን ሳልናገር የሚቀጥለውን መናገር አልሆነልኝም።

ብጉር ማጥፋት ያልሁት ሥራዬን ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት እትዬ የሺአረግ ሙሽሮቹን ሐይቁ ዳር ያነሧቸዋል፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አጸዳቸዋለሁ። ብጉሩን፣ ላቡን፣ ከሚዜዎቹ ኋላ ሆና ሣር የምትግጠውን ፍየል ሁሉ አነሣለሁ። እጄ ከመፍጠኑ የተነሣ እድፍ ካየ እኔን ሳያስፈቅድ ያጠፋል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካሜራ መያዝ የጀመርሁት ግን አምና ኅዳር ላይ ነው። አንድ ሙሽራና ሙሽሪት በማለዳ ካልተነሣን ብለው ዳር ድረስ ወስደውን ጉም ወረደ። እነሱ በረዳቸውና ተመለሱ፤ እትዬ የሺአረግም አብረው ሄዱ። እኔ ቀረሁ።

አባዬ፣ ጉሙን እርስዎ የሚያዩት ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ሐይቁ የለም። ሰማዩም የለም። ውኃው ከእግሬ ሥር ጠጠሩን ሲልስ እሰማዋለሁ እንጂ አላየውም። ከዚያ የኪዳኑ ደወል ይሰማል፤ ደሴቲቱ ሳትኖር ደወሏ ቀድሞ ይመጣል። ቆይቶ ከላይ አንድ የዛፍ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ሌላ። ሥር የላቸውም፣ ምድር የላቸውም፤ ዝም ብለው ተንሳፍፈዋል። ከመካከላቸው አንድ ታንኳ ይወጣና በሰማይ ላይ እየቀዘፈ ያልፋል። ሃያ ስምንት ዓመት የኖርሁበት ሐይቅ ነው፤ ገና ያን ቀን ሲፈጠር የደረስሁበት መሰለኝ። ካሜራ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ማንሣት ረሳሁ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ወዲያው ሥራ ገብቶ «እስቲ ፈገግ በሉ» ማለት አይገባውም ነበር፤ ግን ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ነኝ። «ዛሬም ጉም ስትዘግኚ አረፈድሽ» ይሉኛል እትዬ የሺአረግ።

ጉም ካሜራን ያስቸግራል። ሌንሱ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ሁሉም ነጭ ሲሆንበት ወዲያ ወዲህ ይባዝናል። የእኔው ግን ባዝኖ ባዝኖ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚቆመው፤ በደሴቲቱ የታንኳ ማረፊያ ላይ ባለች አንዲት ጥቁር ነጥብ። አጉልቼ ሳያት ጉቶ ናት። ከጎኗ የተሰበረ ቅርንጫፍ የወጣላት አጭር ጉቶ። እኔ ዛፎቹን ያዝልኝ እለዋለሁ፣ እሱ ጉቶ ሙጥኝ ይላል። አናደደኝ። ፎቶ ቤት ስገባ አጠፋታለሁ። አምናና ዘንድሮ ከአሥራ ሰባት ፎቶ ላይ አጠፋኋት።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ሎጅ ለአዳራሹ ግድግዳ የሚሆን የጉም ፎቶ አዘዘን። ግድግዳ የሚያህል ለማተም ከዋናው ፎቶ መነሣት ነበረብኝና ዋናውን ከፈትሁት፤ ጉቶዋ አለች። እጄ ሊያጠፋት ሲል አያ አስናቀ ገባ፤ እናንተ ዘንድ እህልና እንጨት በታንኳ የሚያመላልሰው። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ነበር የመጣው። ጨዋታ ለመጀመር ያህል ይህች ጉቶ የምን ዛፍ ናት አልሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አያት።

«እዚያ ማረፊያ ላይ ጉቶ የለም፣ እቴ። ጉቶ ቢኖርማ ታንኳዬን ከድንጋይ ጋራ ለማሰር ምን አታገለኝ?» አለኝ።

ሲወጣ ዋናዎቹን ፎቶዎች ሁሉ አንድ ላይ ከፈትሁ። ሰማዩ በጠራባቸው ቀኖችም ያነሣኋቸው አሉኝ፤ እነዚያ ላይ ማረፊያው ድንጋይና ደንገል ብቻ ነው። ጉም የወረደ ቀን ግን አለች። አንድ ቀን ወደ ግራ ፈቀቅ ብላለች። አንድ ቀን ውኃው አፍ ድረስ ወርዳለች። ጉቶ አይራመድም። ቅርንጫፉን አጎላሁት። ክርን ነው።

ከትምህርት ቤት ስዘገይ በር ላይ ወጥተው፣ መዳፍዎን አናትዎ ላይ ጭነው ነበር የሚጠብቁኝ። እማዬ «እጅህን አውርድ፣ ማን ሞተብህ? ሟርት ነው» እያለች ትቆጣዎት ነበር። እርስዎም ያወርዱና ዞር ስትል መልሰው ይጭኑታል። በዚህ ከተማ እንደዚያ ሆኖ ልጁን የሚጠብቅ ሌላ አባት አይቼ አላውቅም።

ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ። በገዛ እጄ አሥራ ሰባት ጊዜ ደመሰስሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የነገሩኝን አምኜ ነበር። ሌንሱ ነው ያላመነዎት።

በጠራ ቀን ለምን እንደማይወጡም ገባኝ። በጠራ ቀን ወንድሞችዎ ያያሉ፤ ጉም ሲወርድ ግን ማንም ማንንም አያይም። እኔ ከዋርካው ሥር እንደምቆም ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። የሚያዩት ከተማውን ይሆናል። ግን ከዓመት በላይ ሳንቀጣጠር በአንድ ማለዳ ወጥተን በአንድ ጉም ውስጥ ስንተያይ ኖረናል። ሥር የሌላቸው ዛፎች አስደነቁኝ ብዬ ነበር፤ ይህ ግን ከነሱ ይበልጥብኛል።

እትዬ የሺአረግ ፎቶውን ሲያዩ ደስታቸው አይነገርም። ለካስ ሰው አለበት፣ ሰውየውን እንዳትነኪው፣ ሕይወት የሰጠው እሱ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ አበምኔቱ ለጉዳይ ከተማ ወጥተው፣ አንዱ ባለጠጋ ጋብዟቸው፣ እዚያ አዳራሽ ሲቀመጡና ግድግዳው ላይ እርስዎን ሲለዩ ታየኝ። ይህ ፎቶ አይሸጥም አልሁ። ምክንያት ጠየቁኝ፤ አልተናገርሁም። ሥራሽን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም እስከ ማለት ደረሱ። በመጨረሻ በዓባይ መውጫ በኩል ያነሣሁትን፣ ይብራ የሚባሉት የውኃ ወፎች ያሉበትን ሰጠኋቸው። ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ያኩርፉ። ጉሙ የሸሸገልዎትን እኔ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈራው። ይህን አንብበው እንዳያፍሩና እንዳይቀሩብኝ። አልጣራም፣ በታንኳም አልጠጋም፤ ለማንም አልናገርም። ደብዳቤውን አያ አስናቀ ያደርስልዎታል፤ የማን ልጅ እንደሆንሁ እንኳ አያውቅም። ሲጨርሱ እሳት ውስጥ ይጨምሩት።

በጸሎትዎ ወለተ ኪዳን ብለው ያስቡኝ። እማዬንም እንደሚያስቧት አውቃለሁ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልኝ፤ ጉሙንም ያብዛልዎት።

ደግሞ ይህን ሳልነግርዎት አልዘጋም። ትናንት ማለዳ ጉም ወርዶ ነበር። ካሜራውን አቁሜ፣ ሳላነሣ፣ እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ወደናንተ ቆምሁ። አንዲት ዓሣ የተሸከመች ሴት በኋላዬ ስታልፍ ደንግጣ ቆመች። «ምነው እቴ፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ።

ከእናቴ በቀር ማንም አልሞተብኝም አልኋት።

ልጅዎ