እጅን ጨብጦ መውደቅ

ይድረስ ለልጄ አባት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። የሶፊያ ከተማ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ? እኛ ደህና ነን፤ ማለቴ ልጃችን ያሴናና እኔ ደህና ነን። እናትህ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። አትደንግጥ፣ ምላሳቸው ጤነኛ ነው። እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ።

በስልክ ያልኩህን አልረሳሁም። ላስተምራት ብትለኝ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ ስኖውቦርድ በሚሉት የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ላይ አትወጣም ብዬ ዘግቼብህ ነበር። ከዚያ ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ። ያጠብኩትን ሳህን መልሼ አጥባለሁ፤ ተራራውን ላለማየት መጋረጃ እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ። ያሴና እንደሆን አትለምነኝም፤ መጋረጃውን ገልጣ ተራራውን ታያለች። ግትርነቷ የአንተ ነው። አንተ ያን ክረምት ያለ ሄልሜት፣ ያለ አስተማሪ፣ ወንድነት ብቻ ለብሰህ ወጣህ፤ ወድቀህ ራስህን ተመትተህ ሲያወርዱህ ስሜን እንኳ አላወቅከውም። ድነህ በዓመቱ እንደገና ባዶ ራስህን ስትወጣ ነው በቃኝ ብዬ የተለየሁህ።

እናም የምከለክላትን ነገር ልወቀው ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር እኔው ልማር ሄድኩ። አትሳቅ።

አስተማሪዬ ቢሊያና ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት። መጀመሪያ ያስተማረችኝ መሄድ ሳይሆን መውደቅ ነው። ወደፊት ከሆነ በጉልበትና በክንድ፤ ወደኋላ ከሆነ አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ በመቀመጫ። እጅ አይዘረጋም፣ ይጨበጣል። እጄን በዘረጋሁ ቁጥር፣ “እትዬ፣ በረዶውን ሰላም ልትይው ነው እንዴ?” ትለኛለች። ጉብታ ሥር አይቆምም፣ ከላይ የሚመጣው አያይምና። ሲደክም ደግሞ ይወረዳል፤ “አንዴ ብቻ ልድገም” የሚባል ነገር የለም። ይህችን ስትል አንተን አሰብኩ።

ስወድቅ ውዬ ገባሁ። ለእናትህ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ ብላቸው፣ ጥርስ ተነቅሎ ነው እንዴ የምታነክሺው አሉኝ።

በማግስቱ ሰሌዳውን ይዤ ስወጣ እናትህ ያዙኝ። አልተቆጡም። በመዳብ ባልዲያቸው ውሃ አምጥተው፣ መንገድሽ እንደ ውሃ ይቅና ብለው እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ደፉልኝ። በዚያ የጥር ውርጭ። የረሳሁትን ጓንት ፈልጌ እስክመለስ ውሃው በረዶ ሠርቶ ድንጋዩ መስታወት ሆኖ ጠበቀኝ። ተንሸራተትኩ። ግን እጄ በራሱ ተጨበጠ፤ በመቀመጫዬ አረፍኩና ምንም ሳልሆን ተነሣሁ። ሊያነሡኝ የሮጡት እናትህ ግን ሸርተት ሲሉ እጃቸውን ዘረጉ። ቀጭ ሲል ሰማሁት።

ሐኪሙ ጀሶውን ሲያስር አንድ እንባ አላፈሰሱም። ከወጣን በኋላ ነው ያሉኝ፤ “አንቺ መውደቅ ተምረሽ ተነሣሽ። ልጅቷም ትማር። የእኔን ልጅ ማንም አላስተማረውም።” እኔ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ስለዚህ ቅዳሜ ና። ያሴና ትወጣለች። የምታስተምራት ግን ቢሊያና ናት፣ አንተ አይደለህም። አንተም ከሕፃናቱ ኋላ፣ ጀማሪዎቹ ጋ ትሰለፋለህ። የመንደሩ ሰው ቢስቅ ይሳቅ፤ በአንተ ብቻ አይስቅም፣ እኔም አጠገብህ ነኝ። ሄልሜት ፍለጋ አትድከም። ያኔ ገዝቼልህ አንዴም ያላደረግከው ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ስንወርድ የቦሎቄ ሾርባ ይኖራል። ከእናትህ ጋር ለሦስታችን ትንሿ ድስት ትበቃን ስለነበር ትልቁን ከሄድክ ወዲህ ከመደርደሪያው አላወረድኩትም። ዛሬ አወረድኩና አጠብኩት።

አምላክ ከመንገድ ክፉ ጠብቆ በሰላም ያግባህ።

የልጅህ እናት