የጾመኛዋ ቁርስ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዛሬም ሦስት ምግብ ቤት በላሁ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቤታችን ሰበታ፣ ሥራዬም ሰበታ። ዓለም ገና ምንም ጉዳይ የለኝም። የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ጉዳዬ እሱ ነው። ከክሊኒክ በዘጠኝ ሰዓት ወጥቼ በጭቃው ወደ ዓለም ገና ታክሲ ተሳፈርኩ።

አንደኛ ቤት፦ ተጋቢኖ በሁለት እንጀራ።
ሁለተኛ ቤት፦ በያይነቱ። ሳልጠየቅ «ገና መፍታቴ ነው» አልኩ።
መንገድ ላይ፦ ሳምቡሳ። ከአራተኛው በኋላ አልቆጠርኩም፤ ጣዕሙንም አላውቀው።
ሦስተኛ ቤት፦ ፓስታ በአትክልት። እያቃጠለኝ ዋጥኩት።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ እማዬ መፍቻዬን ሸፍና ጠበቀችኝ። «ሆድሽ ከጀርባሽ ተጣበቀ እኮ ልጄ!» አለችኝ። እሱንም በላሁት። ከዚያ ለጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ፣ እዚያው እኔ ፊት፣ «የእኔ ልጅ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም» ስትል ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገ እስከ አስራ ሁለት እጾማለሁ። ይበለኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሰው ልገድል ነበር።

ካርድ ክፍል ብቻዬን ነኝ። ስድስት ሰዓት ገደማ ዓይኔ ይጭበረበር ጀመር። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ፤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። በስማቸውና በአባታቸው ስም የሚጠራ ሌላ ታካሚ አለ። የአያት ስም ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። የሌላውን ሰውዬ ካርድ ሰጥቼ ሰደድኳቸው።

ደግነቱ ሲስተር ጫልቱ ዕድሜያቸውን ጠይቃ ስህተቱን ነቃችበት። ካርዱን ይዛ መጣች። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ በሩን ዘጋችና «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ሂሩት?» አለች።

«ጾም ነው» አልኩ።

«ጾም? እኔ ዓለም ገና ነው የምኖረው» አለች።  ቀጥላ ትናንት ከአንዱ ምግብ ቤት ወጥቼ ሌላው ስገባ እንዳየችኝ ነገረችኝ። ባለፈው ሳምንትም።

ልክድ አፌን ከፈትኩ፤ ለቅሶ ቀደመኝ። ጫልቱ ጴንጤ ናት፣ ፍልሰታ አትጾምም፤ ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። በሽታ ነው አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ራስሽን ታስርቢያለሽ፣ ማታ ሲፈታ ልጓም የለውም፣ በነጋታው ለቅጣት ጨምረሽ ታስርቢያለሽ። ሐኪሙን አነጋግሪ፣ ጠዋት ትንሽ ቅመሺ።

«ጾሙስ?»

«እሱን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳምቡሳውን ሳይቀር።

«እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ቆዪ ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

ማንም።

«ለእመቤታችን ብለሽ ነው?»

አይደለም። በየቀኑ ለበላሁት ቅጣት ነው። ደግሞም ለመክሳት። እሱንም ተናገርኩ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ እየጋለ።

 ከዚያ «እንግዲያው ጾም አልያዝሽም። በሽተኛ ነሽ፤ እስኪሻልሽ ጠዋት ቁርስ ብይ። የጾሙን ምግብ። ደግሞ ተደብቀሽ አይደለም፣ እናትሽ ፊት» አሉ።

ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው። «አባ፣ መቶ ስግደት ይዘዙኝ» አልኳቸው።

«እሱማ ይቀልሻል» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

እማዬ ውዳሴ ማርያሟን እየደገመች ነበር። ዳቦው እዚያ አለ። እጄ አልዘረጋ አለኝ። «ደህና ዋይ» ብዬ ወጣሁ።

ቁርስ ግን በላሁ፤ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ቆሜ። አንድ ዳቦ በሻይ። አባ ያሉት ይህን አይደለም፤ አውቃለሁ።

በዘጠኝ ሰዓት እግሬ ወደለመደው ወሰደኝ፤ ዓለም ገና። አንድ ቤት በላሁ። ሁለተኛው በር ላይ ቆምኩ፤ ዝናብ ወረደብኝ። አልገባሁም። ለምን እንዳልገባሁ አላውቅም። ግን አንድ ቤት ብቻ!

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ለእማዬ ነገርኳት።

ጠዋት ዳቦ ቆርሼ ፊቷ ተቀመጥኩ። «በፍልሰታ?» አለች። «በዓርብ?» አባ ያሉትን ነገርኳት፤ ዓለም ገናንም። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አስካለ ታውቃለች?» ብላ ነው።

ዳቦውን አስቀመጥኩት። 

ከሥራ ስመለስ የምግብ ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር። «ለአንቺው ብዬ ነው» አለች። ክፋት እንደሌላት አውቃለሁ። ያም ሆኖ ጠላኋት። ይህን መጻፍ ያስፈራል፤ ግን ጠላኋት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10



እማዬ ቅዳሴ ሄደች። ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ መቆየት የለም፤ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ መልስ ይበላል። እኔ ቤት ነኝ፣ ሣጥኑ ተቆልፏል። ያ ቁልፍ ነው ያሳበደኝ። ጓዳ ገባሁ። የበሶ ዱቄት ከረጢት አገኘሁ። ውኃ አላሰብኩም፣ ስኳር አላሰብኩም። በእጄ እየዘገንኩ ወደ አፌ። ደረቁን። እያነቀኝ።

ቀና ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አላወለቀችም።

አፌ ሙሉ ስለነበር ምንም ማለት አልቻልኩም። ማሳል ጀመርኩ። ውኃ አምጥታ አጠጣችኝ፤ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ ሆዳምነት መስሎኝ» አለች። ደጋግማ። «እኔ ሆዳምነት መስሎኝ።»

ቁልፉን ከአንገቷ ፈታችው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ።

ዛሬ ስነሳ ሰሃን ተቀምጦልኛል። ግማሽ እንጀራ፣ ምስር፣ ሻይ። እማዬ አልበላችም፣ እሷ እስከ ዘጠኝ ናት። ሄዳ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋችው። እትዬ አስካለ በዚያ በኩል ነው የምታልፈው።

«ብይ» አለች።

አላስቻለኝም። «እማዬ፣ ክፈችው። ተደብቄ መብላት ነው ያመመኝ።»

ቆየች። መጋረጃውን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ገለጥ አደረገችውና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ታያለች።

ግማሹን በላሁ። ግማሹን ተውኩት። ከሥራ በፊት ሐኪሙን ላናግር ነው፤ ጫልቱ አብሬሽ እገባለሁ ብላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ስወጣ እማዬ በር ላይ «ዘጠኝ ላይ ጾሜን አልፈታም፤ እስክትመጪ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ።