ከጂዳ የመጣው ድስት

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለኤልሳቤጥ ታደሰ፤

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገቤን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ እንዳናስብ ብለሽ ደብቀሽን ነው? እመቤትሽስ አርብ አርብ ማሳረፍ ጀመረችሽ? ያ ሌሊት እየተነሳ የሚያስቸግርሽ ትንሹ ልጅ አሁን ይተኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። እማዬ ሱቋን ትከፍታለች፣ አባዬ ባጃጁን ይነዳል፣ ናሆም ቁመቱ አባዬን ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ሱሪ ማሳጠር ቀርቶ ማስረዘም ሆኗል ሥራችን። ሙቀቱ ዘንድሮ ቶሎ ጀምሮናል። በአካል ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልቤ ደህና አይደለም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ እማዬ ድምፁን ለሁላችን ክፈቺው እያለች አስቆመችኝ። ስለዚህ ብርቱካን ለእረፍት መጥታ ስለነበር ማክሰኞ ወደ ጂዳ ስትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ስለ ጅግራ ቡድን ነው። አንቺ ያቋቋምሽው፣ ስትሄጂ ስካርፍሽን አንገቴ ላይ አስረሽ አደራ ያልሽኝ የስካውት ቡድን ማለቴ ነው። አደራውን እንዴት እንደያዝኩልሽ ልንገርሽ።

ኑርሃንን ታስታውሻታለሽ። አባቷ ማሾ የሚነግዱት፣ ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩት፣ ያቺ ፍንጭት። አንቺ ስትሄጂ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አሁን ከእኔ በስንዝር ትረዝማለች። ቤታችን ሽሮ በልታ ያደገች ናት፤ እማዬም ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው የምታዳላው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተፈትና አላለፈችም። ከዚያ ወዲህ አንድ ደላላ ይመላለስባት ጀመር። በአፋር አድርጎ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ በጀልባ፣ ከዚያ እናንተ ዘንድ። ለእናትና አባቷ አልተናገረችም፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። እኔም ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ጓደኝነት ነው ብዬ ነበር።

ዘንድሮ የካምፕ ውድድሩ ሽልማት እንደ ድሮው ዋንጫና ደብተር አልነበረም። ያሸነፈው ቡድን አባላት ደብረ ብርሃን ሄደው ምግብና ማደሪያ ተችሏቸው አራት ወር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ከዚያ በኋላ በየጤና ጣቢያው ሥራ ይመቻችላቸዋል ተባለ። ሐሙስ ዕለት ድንኳኑን ስናጣጥፍ ኑርሃን እንዲህ አለችኝ፦ ካሸነፍን እቀራለሁ፣ ካላሸነፍን ደላላው የሚጠብቀኝ እስከ ሰኞ ነው። እኔም ጉረኛዋ እህትሽ፣ እንግዲያው ሻንጣሽን ለደብረ ብርሃን አዘጋጂ፣ ብርድ ነው፣ ሹራብ ያዢ አልኳት። ሳቀች።

ካምፑ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ከሽንኩርት ማሳው አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ነበር። የደብረ ሲና ልጆች ጃኬታቸውን እንደለበሱ ከመኪና ወርደው በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ባንድ ሲያወልቁ ብታይ ትስቂ ነበር። አሊዩ አምባዎቹ ደግሞ ፀጥ ያሉ ናቸው፤ ሲሠሩ ድምፃቸው አይሰማም። እኛ ከእማዬ ሱቅ ገመድ፣ ከአባዬ ባጃጅ የዝናብ ሸራ፣ ከቤት ደግሞ አንቺ ከጂዳ የላክሽውን ያን ሰማያዊ ድስት ይዘን ሄድን። እማዬ ስትሰጠኝ ሦስቴ ነው ያስጠነቀቀችኝ፤ ለማንም እንዳታውሺብኝ፣ እንዳትጭሪብኝ፣ እንደሄደ ይመለስ ብላ። ለፋሲካና ለገና ካልሆነ ከመደርደሪያ አታወርደውም እኮ።

አርብ በድንኳንና በቋጠሮ አንደኛ ወጣን። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያ እርዳታ ነበር። ኑርሃን እግሩ ተሰብሯል የተባለውን ልጅ በሁለት እንጨትና በስካርፏ ስታስርለት፣ ልጁ የእውነት የተሰበረ መስሎት ማንከስ ጀመረ። ከዳኞቹ አንዱ ጋሼ ታከለ የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ ፋሻውን ሳብ ሳብ አድርገው አዩና፣ አንቺ ልጅ ነርስ ነሽ እንዴ ብለው ጠየቋት። ገና ነኝ አለቻቸው። ገና ነኝ ስትል ፊቷን ብታይው እትዬ። ወደፊት የሚጠብቀው ነገር እንዳለው ሰው ነው የተናገረችው። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ይህቺን ቃል ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም።

የቀረው ምግብ ማብሰል ብቻ ነበር። አሊዩ አምባዎችን በአራት ነጥብ እንመራቸዋለን። ከሰዓት በኋላ ለየቡድኑ እግሯ የታሰረ አንዳንድ ዶሮ ከነሕይወቷ ታደለን። ደንቡ ጠዋት ተነቦልናል፦ ከቡድኑ አባል በቀር ማንም እጁን አያስገባም፤ ማረድ ያልፈለገ ዶሮዋን መልሶ ምስር ይወስዳል፣ አምስት ነጥብም ይቀነስበታል። ዳኞቹም ሁለት የሆኑት ለዚሁ ነው፤ ክርስቲያን ያረደውን ጋሼ ታከለ፣ እስላም ያረደውን የአሊዩ አምባው ሙሀሲን ይቀምሳሉ። ሁሉም ታስቦበታል።

የእኛ ቡድን ስድስት ሴት ነው፤ አምስት ክርስቲያንና ኑርሃን። በእኛ ቤት ደግሞ ሴት አታርድም። ምስሩን ብንወስድ በአንድ ነጥብ ተበልጠን ሁለተኛ ልንሆን ነው። ዶሮዋ እግሬ ሥር ተጋድማ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ እኔም እንደሷ ነኝ።

ያን ጊዜ ኑርሃን ቢላዋውን ከሸራው ላይ አነሳች። ስጪኝ እኔ ላርዳት፣ እኛ ዘንድ ሴት ብታርድ ነውር የለውም፣ ሙሀሲን ይቀምሰዋል፣ እናንተ ለራሳችሁ በዳቦውና በእንቁላሉ ዋሉ አለችኝ። እንዲህ ቀላል ነበር። መውጫው በእጇ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ድስቱ ላይ አረፈ። የእማዬ ድስት፣ የፋሲካ ድስት። የእስላም ሥጋ ገብቶበት ቤት ብመልሰው እማዬ ምን ትላለች፣ ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል ብዬ አሰብኩ። ኑርሃን፣ ድስቱ እኮ የእማዬ ነው አልኳት። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እሷም ድስቱን አየችው፣ ቢላዋውን መልሳ አስቀመጠች፣ እውነትሽን ነው አለችና እንጨት ልትፈልጥ ሄደች። ቅር እንኳ አላላትም። ቅር ቢላትና ብትሰድበኝ ዛሬ በቀለለኝ።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ስነግርሽ እንዳትስቂ። እማዬ አባዬ ከቤት ሲጠፋባት ምን ታደርጋለች? ዶሮዋን በክንፏ ይዛ በር ላይ ትቆምና የመጀመሪያውን አላፊ ወንድ ትጠራለች። ፖሊስ ይሁን ቆሻሻ የሚደፋ፣ አርዶላት እጁን ታጥቦ ይሄዳል። እኔም እንደሷ ዶሮዋን ይዤ ከሜዳው ጠርዝ ወጣሁ። አንድ ሰውዬ አካፋ ተሸክመው ከሽንኩርት ማሳው ሲመጡ አገኘኋቸውና፣ ጋሼ ባርከው ይረዱልን አልኳቸው። ደስ እያላቸው በስመ አብ ብለው አረዱልን፣ እግዜር ያሳድጋችሁ ብለው መርቀውን ሄዱ። እውነቴን ነው እትዬ፣ የውጭ እጅ ሲባል ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ወጥ የሚያማስል መስሎኝ ነበር። ማረድ እንደ እርዳታ ሆኖ አልታየኝም። ወንድ መጥራት እኛ ዘንድ ክብሪት እንደ መጫር ነው፤ ማን ጫረው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ወጡን ግሩም አድርገን ሠራን። ጋሼ ታከለ ማንኪያ እንኳ ሳያነሱ መጡ። አይተውናል። ልጄ፣ የእኔም ባለቤት እንዲሁ ነው የምታደርገው፣ ግን ደንቡን ጠዋት እኔው ራሴ አንብቤላችኋለሁ፣ ዛሬ ለእናንተ ብተወው ነገ ለማን እከለክላለሁ አሉኝ። ፊታቸው ከእኔም ፊት ይበልጥ አዝኖ ነበር። ለምግቡ ባዶ ሰጡን። አንደኛ የነበርነው ሦስተኛ ወጣን። አሊዩ አምባዎች ዶሮዋን በገዛ እጃቸው አርደው አሸነፉ። ሴቶች ናቸው እነሱም። ሲያርዱ ኑርሃን ቆማ ታያቸው ነበር።

እሁድ ድንኳኑን ስንነቅል ኑርሃን ስካርፏን ፈታች፣ አጣጥፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። ታጥቧል፣ ለሚቀጥለው ሰው ስጪው አለችኝ። የት ልትሄጂ አልኳት። ድስቱን በአሸዋ ፈግፍጋ አጥባ፣ በነጠላዬ ጠቅልላ አሸከመችኝ። እናትሽ እንዳትቆጣ አለችኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ለእናቷ መንገር ነበረብኝ። ደክማለች፣ ተናዳለች፣ ሲነጋ ይወጣላታል ብዬ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ቤታቸው ስሄድ እናቷ በር ላይ ቁጭ ብለዋል። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወጣች፣ ከአንቺ ጋር መስሎኝ ነበር አሉኝ። ከአንቺ ጋር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። ስልኳ አይጠራም። አባቷ እስከ ሚሌ ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ አሁን ገበያ ቢወጡም ማሾውን ሳይሰፍሩ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ሬዲዮ ስለ ጀልባ ባወራ ቁጥር አባዬ ድምፁን ይቀንሰዋል፤ እንዳንሰማ ብሎ ነው፤ እኛ ግን ሳይከፈትም እንሰማዋለን። የጅግራ ቡድን ፈርሷል። ልጆቹ ሁለት ቅዳሜ መጥተው ፊቴን አይተው ሄዱ፤ በሦስተኛው ማንም አይመጣም።

ባለፈው ረቡዕ አልቻልኩምና ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። ስለ ሰውዬው፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ድስቱ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እማዬ ግን ሚዛኑን አስቀምጣ ያለችውን ልጻፍልሽ፦ ምነው ልጄ፣ ያ ድስት እኮ የኤልሳቤጥ እመቤት ተጠቅማ ተጠቅማ የሰጠቻት ነው። ስንት ዓመት የእስላም ሥጋ ሲበስልበት ኖሮ ነው የመጣው። እኔ ሦስት ጊዜ ውኃ አፈላሁበት፣ ጠበል ረጨሁበት፣ በቃ። ብትጠይቂኝ ይኼንኑ እልሽ ነበር አለችኝ።

አንቺ ይህን ታውቂ ነበር። እማዬም ታውቅ ነበር። ሰው እንዳያወራ ብላችሁ ዝም አላችሁ፤ አልወቅሳችሁም፣ እኔም ዝም ያልኩት ነገር አለኝና። ግን እትዬ፣ እኔ ኑርሃንን የሸጥኩት በእንደዚህ ያለ ድስት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ከመደርደሪያ አውርዳው አልጋ ሥር ከታዋለች። እኔ ስጠርግ መጥረጊያው ይነካዋል፣ ድምፅ ያሰማል። የምጸልየውም ምን ብዬ እንደሆነ ጠፍቶኛል።

እማዬ ደህና ሁኚ፣ ብርድ አይምታሽ፣ ወገብሽን በቅባት እሺው ትልሻለች። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንዳላለቅስ ብላ አጠገቤ ተቀምጣ እሷው ታለቅሳለች። አባዬ በጣም ሰላም ይልሻል። ናሆም ጫማ ቁጥሬ አርባ አንድ ሆኗል በያት ብሎኛል፤ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ተራ ነገር የሚያወራ እሱ ብቻ ስለቀረ ተደስቼበታለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ ለምድር ለሰማይ የከበደ ሰላምታ ልከውልሻል። የኑርሃን እናት ደግሞ ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ሰምተው መጡ፤ ምን ልበልልዎት ብላቸው ስሟን ብቻ ጻፊው አሉኝ። ኑርሃን ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።

የመጨረሻ አንድ ነገር። ቡድኑን የማስታወስ ልምምድ ሳሠራቸው የማስጠናቸው ቁጥር የአንቺ የጂዳ ስልክ ነበር፤ ሳይሳሳቱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይሉት ነበር፤ ከሁሉም ኑርሃን ትፈጥናለች። ወረቀቱ ቢወሰድባትም፣ ስልኩ ቢወሰድባትም እሱን ማንም አይወስድባትም። አንቺ ደግሞ የማታውቂው ቁጥር ሲደውል እንደማታነሺ አውቃለሁ። እለምንሻለሁ፣ አንሺ። እመቤትሽ ብትቆጣም፣ ሥራ ላይ ብትሆኚም፣ ማንም ይሁን ማን፣ በደወለ ቁጥር አንሺ።

ታናሽ እህትሽ ራሔል ታደሰ

ሸዋ ሮቢት
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.