ጠብቆ ሲነበብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 17። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሄኒ፣ ቻርጀርህን ወስጃለሁ። የእኔ ገመዱ ተቆርጧል። አትቆጣ። ይህንንም ደብተር ከመሳቢያህ አወጣሁት። የፊቱን ገጾች፣ የአረብኛ ቃላት ያጠናህባቸውን፣ አልነካሁም። ከኋላ ነው የምጽፈው።

በኢንተርኔት የፊዚክስ ክፍል ላይ ነበርኩ። ካሜራ ዘግቼ፣ ሩዝ እያሞቅሁ። ስልክ። ሰይድ ነው፣ የአባዬ ድርጅት መንዱብ። ወረቀት ሁሉ በእሱ እጅ የሚያልፈው ግብጻዊ፣ አንተን «ዶክቶር» እያለ የሚጠራህ። አባዬ ፖሊስ ጣቢያ ነው አለኝ። ባያን ሰፈር ዕቃ አድርሶ ወደ ሚርቃብ ሰፈር ሲመለስ አደባባዩ ላይ የድንጋዩን ጠርዝ ገጭቶ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ጎማ ብቻ ፈነዳ። ክሱ ግን የጎማ አይደለም። ሰክሮ መንዳት ነው።

ሁለቴ አስደገምኩት። መጠጥ፣ በተከለከለበት በዚህ የዓረብ አገር። አባዬ።

11 ሰዓት ላይ ሰይድ ዋስ ሆኖ አመጣው። መንጃ ፈቃዱ እዚያው ቀርቷል። ማስኩን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። አባቴን አሸተትኩት፣ ሄኒ። አልኮል አልኮል ይላል። ተነስቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 18

አፍሬያለሁ። የትናንቱን ገጽ ልቀደው አሰብኩና ተውኩት።

ምሳ ዕቃውን ላጥብ ስከፍተው ምስሩ እንዳለ ነው። ማንኪያ አልነካውም። ጾሙ ማክሰኞ ገብቷል። አባዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም፤ ዘንድሮ ላንተ ነው የሚጾመው። የስኳር ኪኒኑን ግን ትናንት ጠዋት በባዶ ሆዱ ውጦታል። ሽታውም ሌላ አይደለም፣ ሳኒታይዘር ነው። አንተ ከታመምክ ወዲህ እስከ ክርኑ ይቀባዋል።

ጠጥተህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መጠየቅ ነበረብኝ። ከአርባህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እኔ በሠርጌ ቀን እንኳ ብርዝ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። እናትህን ጠይቃት፣ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።»

የሆነው እንዲህ ነው። ስኳሩ ወርዶ ዓይኑ ጨለመ፣ ላብ አጠመቀው፣ ምላሱ ተሳሰረ። ፖሊሱ ምን ሆነሃል አለው። አንተ ያስተማርከውን ብቻ ተናገረ፦ «ፊ ሱከር»። ስኳር አለብኝ። ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀ፣ ጭማቂ ገዝቶ ሰጠው፣ የተባለውን ጻፈ። አባዬም ተረዳኝ ብሎ ፈረመ። ከዚያ ፈረቃ ተለወጠ። የመጣው ሌላ ሰው ወረቀቱን አነበበና ሰካራም አለው።

እሑድ፣ ኅዳር 20

ሰይድ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ያ አቡ ሄኖክ» ብሎ ጀመረና ደነገጠ። እዚህ አባት በበኩር ልጁ ስም ነው የሚጠራው፣ አባዬም ባንተ። ከእንግዲህ ምን ብሎ ይጥራው? ወደ እኔ አየ። አባዬ ገባው። «ስሜ ነው፣ አይለወጥም በለው» አለኝ። ተረጎምኩ። አሁን ተርጓሚው እኔ ነኝ። እያነከስኩ።

የሰይድ ምክር፦ እመን። የመጀመሪያ ጥፋት ነው፤ ልጁ ሞቶበት ነው ብለን እናስለቅሳቸዋለን። ቅጣቱ ይከፈላል፣ ፈቃዱ ይመለሳል፣ መሪውን ትይዛለህ። ከአገር ሊያስወጡህም ይችላሉ፣ ግን ኢንሻአላህ አይደርስም።

ልከራከር ካለ ደግሞ ሕመሙን መናገር አለበት። ስኳሩን ከድርጅቱ ደብቆ ሦስት ዓመት ነድቷል። ራሱ የሚዞርበትን ሾፌር ማንም አያስቀምጥም። ሥራ ከሌለ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የለም። ኢቃማ ከሌለ የእኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የለም። እማዬ እንደሆነች የታመመች እህቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳ፣ በኮሮና በረራ ተዘግቶባት እዚያው ቀርታለች። አንተን እንኳ በስልክ ነው የቀበረችህ።

መልስ እስከ ረቡዕ።

አባዬ ብዙ አላሰበም። «ሰካራም መባል አይገድልም» አለ። እኔ ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 21

የት/ቤት የአረብኛ ፈተና ነበር። እንደነገሩ ሠራሁ። ከዚያ ሰይድ ትቶት የሄደውን የክስ ቅጂ ያንተን መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩ። አንድ ሰዓት ፈጀ።

አባዬ ያላትን ቃል ፖሊሱ እንዳለ ጽፏታል። ሦስት ፊደል፦ ስ፣ ክ፣ ር። አናባቢ የለም። መካከለኛዋ ጠብቃ ከተነበበች ሱከር ናት፣ ስኳር። ላልታ ከተነበበች ሱክር ናት፣ ስካር። የሚለያቸው ከፊደሉ በላይ የምትቀመጥ ሻዳ ናት፣ እንደ ትንሽ ጥርስ ያለች። እሷን ማንም አይጽፋትም። እኛስ? «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ደግሞ ይኖራል። በወረቀት አንድ ነው፤ የሰማ ሰው ነው የሚለየው። የጻፈው ፖሊስ ሰምቷል። ያነበበው አልሰማም።

ስለዚህ አባዬ ማሸነፍ ይችላል። በአንዲት ጥርስ።

ለማንም አልተናገርኩም። ቅጂውን አጥፌ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ዝም ካልኩ እመረቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 22

አባዬ ዳቦ ይዞ ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁት። ከዚያ እርምጃው ቆመ። ወጥቼ አየሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ላቡ በማስኩ ሥር ይወርዳል። እጁን ስይዘው «ሄኖክ፣ መጣህ?» አለኝ።

ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ቆይቶ ምን አልኩህ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት።

ሰይድ «መሪውን ትይዛለህ» ያለው ትዝ አለኝ። ይሄ ሰውዬ መሪ ይዞ። ከፊቱ የሰው ልጅ መንገድ እያቋረጠ።

ኬሚስትሪ መጽሐፉን አመጣሁ። ሁሉንም ነገርኩት። መቼ አወቅህ አለ። ትናንት አልኩ። አንገቴን ደፋሁ። አባዬ ግን፣ «አንድ ቀን ብቻ? ወንድምህ ቢሆን ሳምንት ነበር የሚደብቀኝ» አለ።

ከዚያ መዝሙረ ዳዊቱን ገልጦ አንድ ካርድ አወጣ። ያንተ ናት፣ በአረብኛ የጻፍክለት፦ «ስኳር አለብኝ። ግራ ከገባኝ ጣፋጭ ነገር ስጡኝ።» በጉልህ ፊደል። ሻዳዋ ሳትቀር። መኪናው ውስጥ አልነበረችም እንዴ አልኩት። ከቀብርህ ማግስት አንስቷታል። የእጅ ጽሑፍህን እያየ መንዳት አልቻለም።

«እውነቱን እንናገራለን» አለ። ሥራውስ አልኩ። «ሥራ ይፈለጋል። ልጅ አንድ ነው የቀረኝ።» ጾሙንም አይተውም፤ ሰዓቱን ብቻ ይተዋል። ከነገ ጀምሮ ኪኒኑን ከቁርስ ጋር ሊውጥ ማለልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 24። ጠዋት 3 ሰዓት

አባዬ ትናንት ከሰይድ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። እኔን አላስገቡኝም፤ በኮሮና ምክንያት ባለጉዳዩና ዋሱ ብቻ ናቸው የሚገቡት። ቃሉን በአረብኛ ሁለት ገጽ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ካርድህንም ይዟል። ኪሱ ውስጥ አምስት ቴምር ጨመርኩለት።

ማታ ሰይድ ደወለ። መርማሪው ካርዷን ሁለቴ አንብቧታል። ለምርመራ ሐኪም ቤት ልኮታል፤ የሐኪሙ ወረቀት እስኪመጣ ጣቢያው ይቆያል። ምናልባት እስከ እሑድ። መንዳቱ ግን በየትም ቢሆን አበቃ። ድርጅቱ መጋዘን ውስጥ ቦታ እንዳለው ሰይድ ይጠይቃል፣ ቃል ግን አይገባም። ሰይድ አልተቆጣም። «ሦስት ዓመት ለእኔ ሻይ አራት ማንኪያ እየጨመረ የራሱን ባዶ ሲጠጣ፣ ስስታም መስሎኝ ነበር» አለ።

ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። በዚህ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጋቢውን አጠፍኩ። ሻይ ለሁለት አፈላሁ፣ ልማድ ነው። የእሱን ያለ ስኳር ቀዳሁ። ሁለቱንም ጠጣሁ፤ የእሱ ይመራል። ካርድህ አብራው ስለሄደች ካንተ ቃላት እያየሁ ሌላ ጻፍኩ። ፊደሌ ጠማማ ነው፣ ትስቅብኝ ነበር። ሻዳዋን መጀመሪያ አስቀመጥኳት፣ ፊደሉን ከሥሯ።

ከዚያ ክፍል ገባሁ። መምህርቷ ስም እየጠሩ ነው። ካሜራዬን ከፈትኩ። ስሜ ሲደርስ አለሁ አልኩ።